መንገድ ሲዘጋ ዋጋ መጨመር፦ ወንጀሉ የቱ ጋ ነው?

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ ጀመዓ። ነጋዴ ወንድሞች ደጋግመው የሚጠይቁት ነገር አለ። ዕቃ በድንገት ሲጠፋ፣ መንገድ ሲዘጋ፣ ነዳጅ ሲቋረጥ ዋጋ ብንጨምር አላህ ዘንድ ወንጀል ይሆንብናል ወይ? መጨመሩ ብቻውን ወንጀል አይደለም። ወንጀሉ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ እሱን ደግሞ ብዙ ጊዜ አናየውም።

በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን መዲና ውስጥ ዋጋ ናረ። ሰዎች መጥተው "ዋጋ ይተምኑልን" አሏቸው። እሳቸው ግን አልተመኑም። ሲሳይን የሚያጠበውም የሚያሰፋውም አላህ እንደሆነ ነገሯቸው፤ በደምም ሆነ በገንዘብ ማንም በበደል ሳይጠይቃቸው ጌታቸውን መገናኘት እንደሚፈልጉም ነገሯቸው። ሐዲሱን ከሰሓባው አነስ ይዘው አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። አያችሁ፣ ነጋዴን መበደልም በደል ነው። ከኮምቦልቻ የሚያስጭንበት መኪና ኪራይ እጥፍ የሆነበትን ሰው በድሮው ዋጋ ካልሸጥክ ብሎ ማስጨነቅ ፍትሕ አይደለም። ነገ ሱቁ ባዶ ይሆናል፣ የምንቸገረውም እኛው ነን።

ግን እኚሁ ነቢይ "ወንጀለኛ ቢሆን እንጂ የሚያከማች የለም" ብለዋል፣ ሐዲስ ሰብሳቢው ኢማም ሙስሊም ዘግበውታል። ማከማቸት ማለት ሰው የሚቸገርበትን ነገር ዋጋው እስኪወደድ ብሎ መደበቅ ነው። ሁላችንም የምናውቀውን ላንሳ። አንዲት እናት ደሴ አንድ ሱቅ ትገባለች። "ዘይት አለ?" "አልቋል እትዬ።" ከመጋረጃው ኋላ ባለ አምስት ሊትሩ ጀሪካን እስከ ጣሪያ ተደርድሯል፣ የተገዛውም መንገዱ ሳይዘጋ በፊት ነው። ልትወጣ ስትል "ቆይ እስኪ፣ ለእርስዎ ብዬ" ይልና ልጁን ልኮ አንድ ያስመጣላታል። ዋጋው ሌላ ነው። ከፍላ፣ "አላህ ይስጥህ፣ በረካ ያድርግልህ" ብላው ትወጣለች። እኔን ከዋጋው በላይ የሚያስደነግጠኝ ይህ ዱዓ ነው። በውሸት ያገኘኸውን ምርቃት ይዘህ አላህ ፊት ምን ልትል ነው?

ከገጠር ለሚመጣውም ወንድማችን እናስብ። ሰኞ ወደ ባቲ ገበያ የሚወርደውን ገበሬ መንገድ ላይ ጠብቆ፣ የከተማውን ዋጋ ሳይሰማ በርካሽ ገዝቶ፣ እዚያው ገበያ ላይ በውድ መሸጥ በግልጽ የተከለከለ ነው። ጭነት ገበያ ሳይደርስ ወጥቶ መቀበልን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከልክለዋል።

"እኔ እኮ አንድ ብር አልጨመርኩም" የሚል ወንድም ደግሞ አለ። ማሻአላህ፣ ግን እሱም ብቻውን አያድንም። ወሎ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል እንዳልናረ ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን አጥንቶ አሳይቷል። ሰው የረገፈው ማሳው ደርቆ፣ ከብቱ አልቆ፣ መግዣ ስላጣ ነው። እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የሚወጣ እህል ነበር፤ ገንዘብ ያለው እዚያ ነዋ! በነሐሴ 2013 ከቆቦና ከወልድያ ተፈናቅሎ ደሴ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ያደረውን ወገናችንንም አስቡት። ኪሱ ባዶ ነው። ዘይቱ በድሮው ዋጋ ቢሸጥም ለእሱ ያው ሩቅ ነው። ዋጋ አለመጨመር ለእሱ ምኑም አይደለም። እሱ የሚጠብቀው ዘካችንን፣ ሶደቃችንንና ዱቤያችንን ነው።

ታዲያ ነጋዴው ምን ያድርግ? የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። በድሮ ዋጋ የገዛኸውን ምግብ በለመድከው ትርፍ ሽጠው። አዲስ የምታስገባው ከተወደደብህ የተወደደበትን ያህል ጨምር፣ ለጠየቀህም በግልጽ ንገር። ዕቃው ጥቂት ከሆነ ለሰው አንድ አንድ ብቻ ስጥ፤ ቀድሞ የመጣ ባለ ገንዘብ አምስት ጀሪካን ጭኖ ሲሄድ ኋላ የመጣችው ባዶ እጇን እንዳትመለስ። ይህ ገዢውንም ይመለከታል። ነቢያችን ለቤተሰባቸው የዓመት ቀለብ ያስቀምጡ ነበር፣ ስለዚህ ቀለብ ማስቀመጥ ነውር የለውም። ዕቃ በጠፋበት ቀን የሰፈሩን ዘይት ጠራርጎ መግዛት ግን ሌላ ነገር ነው።

በችግር ቀን ዱቤ የሰጣችሁ ደግሞ አላህ ይቀበላችሁ። በሱረቱል በቀራህ ባለ ዕዳው ከተቸገረ እስኪመቸው ድረስ መጠበቅ ታዝዟል፣ ጭራሽ መተው ደግሞ የበለጠ መልካም እንደሆነ ተነግሯል። የሰረዝኩትን ዕዳ ከዘካዬ ልቁጠረው ወይ ለምትሉ፣ ብዙዎቹ ዑለሞች አይቆጠርም፣ አንዳንዶቹ ይቆጠራል ስላሉ መስጂዳችሁ ያለውን ኡስታዝ ጠይቁ። ጊዜ መስጠቱ ላይ ግን ክርክር የለም፣ እሱን ዛሬውኑ ማድረግ ትችላላችሁ።