አርኤምኤስ ዋት ምንድን ነው?

ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ ገብቶ የመኪና ስፒከር የጠየቀ ሰው ቀድሞ የሚያየው ስፒከሩን ሳይሆን ቁጥሩን ነው። ለቪትዜ የበር ስፒከር ልገዛ የሄድኩ ዕለት ካርቶኑ ላይ በወርቃማ ቀለም፣ ከአምራቹ ስም በገዘፈ ጽሑፍ «1000 ዋት» ይላል። ሻጩ ወጣት ካርቶኑን በጣቱ እያንኳኳ፣ «አቦ፣ ይህን አስገጥመህ ደንገጎን ስትወጣ ሐረር ላይ ይሰማሃል» አለኝ። (ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ አይፈለግም፤ ሽበትም አያስቀይረውም።) ካርቶኑን ገለበጥኩት። ከጀርባው ታች፣ መነጽር በሚያስወጣ ደቃቅ ፊደል፣ «አርኤምኤስ 60 ዋት» ተጽፏል። ሁለቱም ቁጥሮች ስለዚያው ስፒከር ነው የሚናገሩት። የሚታመነው ደቃቁ ነው።

ሙዚቃ ወደ ስፒከር የሚሄደው እንደ ሞገድ በሚወጣና በሚወርድ ኤሌክትሪክ ነው። ሞገዱ ጫፍ ላይ የሚደርስበት ቅጽበት አለ፤ ዜሮን አቋርጦ የሚወርድበትም አለ። ትልቁ ቁጥር የጫፏን ቅጽበት ብቻ ይዞ የሚያወራ ነው፤ ያም አምራቹ ሐቀኛ ከሆነ ነው። ነገሩ የሚኒባስ ሹፌር የቁሉቢ ገብርኤል ዕለት ያስገባውን ገንዘብ «የቀን ገቢዬ ይህ ነው» ብሎ እንደ ማውራት ነው። አርኤምኤስ («ሩት ሚን ስኩዌር» የሚለው እንግሊዝኛ ምሕጻር ነው) ግን ዓመቱን ሙሉ የሚገባውን ይጠይቃል።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ሞገዱ ግማሹን ጊዜ ፖዘቲቭ፣ ግማሹን ኔጋቲቭ ስለሆነ ተራ አማካይ ቢወሰድለት ዜሮ ይመጣል። ስለዚህ የየቅጽበቱ ቮልቴጅ በራሱ ይባዛና ኔጋቲቩ ይጠፋል፤ የብዜቶቹ አማካይ ይወሰዳል፤ በመጨረሻም የአማካዩ ካሬ ዘር (ስኩዌር ሩት) ይወጣል። የሚገኘው ቁጥር፣ የማይዋዥቅ የባትሪ ኤሌክትሪክ ቢሆን ያንኑ ያህል ሙቀት የሚሰጠው ቮልቴጅ ነው። ቤታችን የሚገባው 220 ቮልትም አርኤምኤስ ነው። ጫፉ 311 ቮልት ገደማ ይደርሳል፤ ነገር ግን «ባለ 311 ቮልት» ብሎ አምፖል የሚሸጥ የለም። ነገር ላጥብቅ ካልኩ፣ አርኤምኤስ የቮልቴጅና የአምፐር መለኪያ ነው፤ ከዚያ ተሰልቶ የሚወጣው ዋት አማካይ ኃይል ይባላል እንጂ አርኤምኤስ አይባልም። ገበያው ግን ስሙን አውጥቶለታል፤ እኔም አልከራከርም።

አሁን ወደ ቴፑ እንምጣ። በገበያ ያሉት የመኪና ቴፖች አብዛኞቹ «50 ዋት × 4» ይላሉ። 50 ከየት መጣ? ሞተር ተነስቶ ዲናሞው ሲሠራ የመኪናው ኤሌክትሪክ 14.4 ቮልት አካባቢ ነው፤ የተለመደው የመኪና ስፒከር ኤሌክትሪክን የሚገታበት መጠን 4 ኦም ነው። ኃይል ማለት ቮልቴጁ በራሱ ተባዝቶ ለኦሙ ሲካፈል ነው። 14.4 በራሱ ሲባዛ 207 ይሆናል፤ ለ4 ሲካፈል 52 ገደማ። ይኸው 50ው! ግን ይህ የሚሆነው ሞገዱ አንዴም ሳይወርድ 14.4 ላይ ተደፍድፎ ከቆመ ነው፤ እንዲህ ያለው ሞገድ አናቱ የተቆረጠ ነውና የሚሰማው ጩኸት እንጂ ዜማ አይደለም። ንጹሕ ሞገድ ጫፉ 14.4 ቢደርስ አርኤምኤሱ 10.2 ቮልት ነው፤ ይህም 26 ዋት ይሰጣል። ቴፑ ውስጥ ያሉት ትራንዚስተሮች ደግሞ የራሳቸውን ድርሻ ስለሚያስቀሩ በተግባር ለእያንዳንዱ ስፒከር የሚደርሰው 20 ዋት አካባቢ ነው። ቴፑ መጨረሻ ድረስ ሲከፈት ድምፁ የሚሻክረውም እዚህ ላይ ነው፤ የተቆረጠው ሞገድ ከንጹሑ የበለጠ ሙቀት ስለሚሸከም ስፒከርም ያቃጥላል። ለብቻው የሚገዛ አምፕሊፋየር (ድምፅ ማጉያ) ከዚህ የሚያልፈው ውስጡ ቮልቴጁን ከፍ የሚያደርግ ክፍል ስላለው ነው።

ካርቶኑን ማመን ለከበደው ሰው እኔ የምወደው ዘዴ ፊውዙን ማየት ነው። አምፕሊፋየሩን አዙሮ ሽቦ የሚገባበትን ጎን ማየት ነው። «2000 ዋት» የሚል አምፕሊፋየር ላይ አንዲት ባለ 30 አምፐር ፊውዝ ብቻ ተሰክታ አግኝቻለሁ። 30 በ14.4 ሲባዛ 432 ዋት ነው፤ ከመኪናው ያለማቋረጥ ሊወስድ የሚችለው ያን ያህል ነው፤ ከዚያም ላይ እንደ ሥሪቱ ከአምስተኛ እስከ ግማሽ ያህሉ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ያልገባ ኃይል ደግሞ አይወጣም። ካርቶኑ ላይ «ሲኢኤ 2006» የሚል ካለ ግን ልብ ማለት ይገባል፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ የአሜሪካ መመዘኛ ነው (2006 ቁጥሩ ነው እንጂ ዓመት አይደለም)፤ አርኤምኤሱ በ14.4 ቮልትና በ4 ኦም፣ ድምፁ ከ1 በመቶ በላይ ሳይበላሽ እንዲለካ ያዛል።

ስፒከር ላይ የሚጻፈው አርኤምኤስ ትርጉሙ ይለያል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። «60 ዋት» የሚለው ስፒከሩ የሚያወጣው ድምፅ አይደለም፤ በውስጡ ያለችው የመዳብ ጥቅል ሳትቃጠል ለረጅም ጊዜ የምትችለው ኃይል ነው። ምን ያህል እንደሚጮኽ የሚናገረው ሌላ ቁጥር ነው፦ 1 ዋት ሲሰጠው 1 ሜትር ላይ ስንት ዴሲቤል እንደሚሰማ። 20 ዋት በሚሰጥ ቴፕ ላይ ባለ 93 ዴሲቤል ስፒከር የሚያሰማውን ድምፅ ከባለ 87 ዴሲቤሉ ለማግኘት 80 ዋት ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱ 3 ዴሲቤል ኃይሉን በእጥፍ ያስጨምራልና። ጆሯችንም ስስታም ነው፤ ኃይሉ በእጥፍ ሲጨምር «ትንሽ ከፍ አለ» ይላል እንጂ ድምፁ እጥፍ ሆነ ለማለት አሥር እጥፍ ይፈልጋል። ስለዚህ የፋብሪካውን ቴፕ ሳይቀይር ስፒከር ብቻ የሚቀይር ሰው ከዋቱ ይልቅ ዴሲቤሉን ቢያይ ይሻለዋል።

የድሬ ሙቀትም በዚህ ውስጥ እጁ አለበት። ወንበር ሥር፣ አየር በማያገኝበት ቦታ ያስገጠምኩት አንድ አምፕሊፋየር በቀትር ራሱን እያጠፋ አሰልችቶኝ ነበር፤ ማታ ማታ ደህና ይሠራል። መዳብም ሲግል ለኤሌክትሪክ ማለፍን ስለሚያከብድ፣ ፀሐይ ላይ በዋለ መኪና ስፒከሩ ከሚገባው በጥቂቱ ዝቅ ብሎ ነው የሚጮኸው።

ያን ዕለት ከታችኛው መደርደሪያ አቧራ የጠጣ ካርቶን አስወረድኩ፤ «አርኤምኤስ 40 ዋት፣ 92 ዴሲቤል» ይላል፤ ወርቃማ ቁጥር የለውም። ዋጋው ከባለ 1000ው በለጠ። «ይህ ደግሞ ለምን ተወደደ?» አልኩት። ወጣቱ ሳይመልስ ሁለቱን ስፒከሮች ከየካርቶናቸው አውጥቶ በሁለቱ እጆቼ ላይ አስቀመጠልኝ። የባለ 1000ው ማግኔት ከሻይ ሲኒ ማስቀመጫ አይበልጥም፤ በሌላኛው እጄ ያለው ክንዴን ወደ ታች ጎተተው። ልጁ ሳቀ።