«ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ»፦ ትርጓሜውና ለውጭ አገር ተማሪ የሚለው

ይህ ምሳሌያዊ አነጋገር ቤት የሚመታ የሁለት ስንኝ ግጥም ሲሆን ደራሲው ሕዝብ ነው። ምስሉን የወሰደው መንገድና ጭነት በጋማ ከብት ይከናወኑ ከነበረበት ዘመን ኑሮ ነው፤ አህያ ሸክም ይጫናል፣ ፈረስም ልጓም ገብቶለት ጋላቢው ወደ መራው ይሄዳል። አገሩን ለቆ የወጣ ሰው እስኪመለስ ድረስ የሁለቱንም ዕጣ ይቀምሳል፤ ሥራ ቢያበዙበት ይሸከማል፣ ቢመሩትም ይመራል፣ «በአገሬ እንዲህ አልነበርኩም» ብሎ መከራከር አይችልም ማለት ነው። ስደተኛው ራሱ ስለ ደረሰበት ድካምና ዝቅታ ሲያማርር ይጠቅሰዋል፤ ሽማግሌም ተጓዥን ሲሸኝ ትዕግሥትን ለመምከር ይናገረዋል።

ከሁለቱ ምስሎች የመጀመሪያው ብዙ ማብራሪያ አያሻውም፤ ሸክም በየትኛውም አገር ሸክም ነው። ጠለቅ ብሎ ሊታሰብበት የሚገባው ልጓሙ ነው። ልጓም አቅጣጫን ይወስናል፤ በባዕድ አገር ይህን ሥራ የሚሠሩት ማንም ጽፎ የማይሰጣቸው የአኗኗር ደንቦች ናቸው። ለትምህርት ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ስለ ቪዛውና ስለ ትምህርት ክፍያው አጥርቶ ያውቃል፤ መምህሩን እንዴት እንደሚጠራ፣ ዝምታ እንደ አክብሮት ይሁን እንደ ስንፍና እንደሚቆጠርበት ግን ብዙ ጊዜ ሳያውቅ ይሄዳል።

«የባህል ድንጋጤ» የሚባለውን ሐሳብ በሰፊው ያስተዋወቀው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ካሌርቮ ኦበርግ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 በሪዮ ዴ ጃኔሮ ባደረገው ንግግር፣ የጭንቀቱ ምንጭ የለመድናቸውን የማኅበራዊ ግንኙነት ምልክቶች ማጣት እንደሆነ አስረድቷል፤ መቼ እጅ እንደሚጨበጥ፣ የትኛው ግብዣ እንደሚቀበሉትና የትኛው እንደሚተዉት፣ የተነገረው ነገር ከልብ ይሁን አይሁን የሚታወቅባቸው ምልክቶች ማለት ነው። እንደ እርሱ አገላለጽ ሰው በመጀመሪያ አዲሱን አገር ያደንቃል፣ ከዚያ ይጠላዋል፣ ቀስ በቀስም ይለምደዋል። አባባላችን የሚገልጸው መካከለኛውን ደረጃ ይመስለኛል፤ ልጓሙ ሲስበው ይሰማዋል፣ ወዴት እንደሚስበው ግን አያውቅም።

ስለሚሄዱበት አገር ባህል ቀድሞ ማንበብ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ከትምህርቱ ሰዓት ጎን «ኩም ቴምፖሬ» የሚለው የላቲን ሐረግ በአሕጽሮት ከተጻፈ ትምህርቱ ከተጠቀሰው ሰዓት 15 ደቂቃ ዘግይቶ ይጀምራል፤ «ሲኔ ቴምፖሬ» ከሆነ ግን ልክ በሰዓቱ። በፈረንሳይ ውጤት ከ20 ሲሰጥ 10 ያሳልፋል፣ 16 ደግሞ «እጅግ ጥሩ» ይባላል፤ ስለዚህ 14 ያገኘ የውጭ ተማሪ አንገቱን የሚደፋበት ምክንያት የለም። በጃፓን በትምህርት ዘመን የሚቀድም ተማሪ «ሴምፓይ» ተብሎ ይከበራል፤ ይህን ሳያውቅ እንደ እኩያው የሚቀርበው ሰው ደፋር ሊመስል ይችላል። በኔዘርላንድስ የአንድን ሥራ ጉድለት ለባለቤቱ ፊት ለፊት መንገር የተለመደ ነው። ልማዱን አስቀድሞ ያነበበ ሰው ትችቱን እንደ ስድብ አይቆጥረውም፤ ከዚያም አልፎ እውነተኛ ንቀት ሲያጋጥመው ከልማዱ ለይቶ ሊያየው ይችላል። ምንም ያላነበበው ግን ወይ በሁሉ ይቀየማል፣ ወይ ሁሉን ይሸከማል፤ አባባሉ በአህያ የመሰለው ይህን ሁለተኛውን ነው ብዬ አምናለሁ።

ንባብ ስል «ይህን አድርግ፣ ይህን አታድርግ» የሚሉ አጫጭር ዝርዝሮችን ማለቴ አይደለም፤ እነዚህ ሕዝብን ወደ ጥቂት ባሕርያት ያጠቡታል። ከእነርሱ እጅግ የላቁ ሥራዎችም ከዚህ ችግር አላመለጡም። አሜሪካዊቷ የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ሩት ቤኔዲክት እ.ኤ.አ. በ1946 የታተመውን የጃፓን ባህል ጥናቷን ያዘጋጀችው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ጃፓንን ሳትረግጥ፣ በአሜሪካ የሚኖሩ ጃፓናውያንን በመጠየቅና ጽሑፎችንና ፊልሞችን በመመርመር ነበር። ሥራዋ በጃፓን ራሱ በስፋት ተነብቧል፤ ሆኖም አንድን ሕዝብ ሁሉ በአንድ መልክ ቀርጻለች የሚል ብርቱ ትችት ደርሶበታል። ስለዚህ ተማሪው ሌሎች ስለ አገሩ ከጻፉት ይልቅ የአገሩ ሰዎች ለራሳቸው የሚጽፉትን፣ ጋዜጣቸውንና ልብ ወለዳቸውን፣ እንዲሁም ዩኒቨርሲቲው ለተማሪዎቹ ያዘጋጀውን መመሪያ ቢያስቀድም ይሻለዋል፤ የጽሑፉን ዘመን ማየትም አይዘንጋ፣ የሃያ ዓመት ወግ ዛሬ ተረት ሊሆን ይችላልና።

አባባሉ አንድ ነገር በጥርጣሬ እንድናየው ያደርገናል፤ ሸክሙም ልጓሙም «አገሩ እስኪመለስ» ብቻ እንደሆኑ አድርጎ ያቀርባቸዋል። ጆንና ጂን ጉላሆርን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተሙት ጥናት፣ ከውጭ አገር የተመለሰ ሰው በገዛ አገሩም ዳግመኛ የመላመድ ችግር እንደሚገጥመው አሳይተዋል፤ ቀድሞ ሳያስተውላቸው ይታዘዛቸው የነበሩት የአገሩ ደንቦች አሁን እንደ እንግዳ ደንብ ይሰሙታልና።