«እጣ ፈንታ» ከቅርጫ መደብ ሲታይ

«እጣ ፈንታችንን በገዛ እጃችን እንወስን» የሚል ንግግር በየመድረኩ ይሰማል። ጆሮ ለምዶት እንጂ ነገሩ እርስ በርሱ ይጋጫል፤ ባለቤቱ የመረጠው ነገር እጣ አይባልም።

የቃሉን ልክ የፈለገ የቅርጫ ሥጋ ሲከፋፈል ይመልከት። 8 ሰዎች በሬ ከገዙ፣ ኮባ ቅጠል ይነጠፍና 8 መደብ ይዘረጋል። ሥጋው በጅምላ አይመደብም። ሻኛው ለብቻው 8 ቦታ፣ ፍሪምባው 8 ቦታ፣ ከዚያ ጎድኑ፣ ሽንጡ፣ ጉበቱ፣ ጨጓራው ሳይቀር በየተራ እየተቆረጠ ለየመደቡ ይዳረሳል። ሚዛኑ ዓይን ነው። አንዱ «ይቺ አነሰች» ካለ ከወፈረው ተቀንሶ ይጨመርላታል። ሁሉም «እኩል ነው» እስኪል ድረስ እጣ አይጣልም። ፈንታ ማለት ይህ ነው፤ የተስተካከለ ድርሻ።

እጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እያንዳንዱ ምልክት ያወጣል፦ ስንጥር፣ ጠጠር፣ ቁልፍ። የማን ምን እንደሆነ ያላየ ሰው፣ ብዙ ጊዜ ልጅ፣ ይጠራና ምልክቶቹን በየመደቡ አንድ አንድ ያስቀምጣል። ልጁ ምልክቱ ሲሰበሰብ ቆሞ ካየ፣ የአባቱን ቁልፍ ከለየ፣ ወይም መደቡ ሳይስተካከል እጣው ከቀደመ ኩርፊያ አይቀርም። ሥጋ ቆራጩ ባለድርሻ ቢሆን እንኳ አያዳላም፤ የትኛው መደብ እንደሚደርሰው አያውቅማ! ግማሽ መደብ የገቡ ሁለት ሰዎች ደግሞ በአንድ ምልክት ገብተው፣ የደረሳቸውን ለሁለት ከፍለው እንደገና እጣ ይጣጣላሉ።

«እጣ» የግእዙ «ዕፅ» (እንጨት) ዘመድ ነው የሚል ግምት አለኝ። ጾም ጦም እንደተባለ ፀውም ወደ ጠ ዞሮ ይሆናል፤ የሚጣለውም ስንጥር፣ ማለትም እንጨት ነው። ከድምፁ ይልቅ ስንጥሯ ታሳምነኛለች።

ስለዚህ በኮንዶሚኒየም እጣ አራተኛ ፎቅ የደረሰው ሰው «እጣ ፈንታዬ ነው» ቢል ያምርበታል፤ ከሌሎቹ ጋር እኩል ተመዝግቦ፣ ሳይመርጥ የደረሰው ነውና። ሳያጠና የወደቀን ተማሪ ግን «እጣ ፈንታው ሆኖ» ብሎ መጻፍ ስህተት ነው፤ መደቡን የቆረጠውም ያነሳውም ራሱ ነው። «የሥራውን አገኘ» የሚል ደህና አማርኛ እያለ ለምን? ባለመድረኩም «የነገውን ጉዳያችንን እኛው እንወስን» ቢል ይበቃዋል።