«አገር ስጠኝ»፦ ከእንቆቅልህ እስከ ጉግል

«አላወቅኸውም፤ በል አገር ስጠኝ!» ሲባል የሰማ እንግዳ ሰዎቹ መሬት የሚካፈሉ ሊመስለው ይችላል። አባባሉ የወጣው ከእንቆቅልሽ ጨዋታ ነው፤ ትርጉሙም «መረታትህን እመንና መልሱን ልንገርህ» ማለት ነው። ከጨዋታው ውጭም ተጠይቆ አፉ የተያዘ ሰው ይቀለድበታል።

ሥርዓቱን ለዘነጋ ላስታውስ። ጠያቂው «እንቆቅልህ» ሲል ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ብሎ ይቀበላል። «ስሄድ አገኘኋት፣ ስመለስ አጣኋት»። ያወቀ «ጤዛ» ብሎ ይገላገላል፤ ያላወቀ አገር ይከፍላል። ጨዋታው የሚጥመውም እዚህ ላይ ነው። ተረቺው በቁጠባ ይጀምራል፦ «አዘዞን ሰጠሁህ።» «አልፈልግም።» «ጎርጎራን።» «እሱንም አልፈልግ።» «እሺ፣ ጎንደርን!» ይሄኔ ጠያቂው ደረቱን ነፍቶ «ጎንደር ገብቼ ምን አጥቼ!» ይልና ጮማውን ለራሱ፣ አጥንቱን ለተረቺው፣ ጠጁን ለራሱ፣ ቅራሪውን ለተረቺው እያደለ ይፎክራል። መልሱ የሚነገረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ለእኔ ከመልሱ ይልቅ ፉከራው ይበልጣል።

በእንቆቅልሽ መፈታተን የቆየ ነገር ነው፤ ንግሥተ ሳባ ሰሎሞንን በእንቆቅልሽ ልትፈትነው መምጣቷ በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 10 ተጽፏል። ቅጣቱ አገር መሆኑ ግን፣ እንደ እኔ ግምት፣ ከጉልት ሥርዓት ጋር ይሄዳል። ሀብት ማለት መሬት በነበረበት ዘመን ንጉሥ የወደደውን የሚያከብረው አገር ሰጥቶ ነበር። ፋሲለደስ በ1636 እ.ኤ.አ. የቆረቆሯት ጎንደርም የዚህ ማዕከል ነበረች፤ እቴጌ ምንትዋብ ላሠሯት ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ጉልት ሰጥተዋል። እሳት ዳር የተቀመጡት ልጆች እንግዲህ ሹም ሽር ይጫወቱ ነበር ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ጠያቂና ተጠያቂው ስልክ ላይ ገብተዋል። ፒያሳ ማኪያቶ ይዘው ከተቀመጡ ወጣቶች አንዱ ጉግል ላይ «ጎንደር ውስጥ» ብሎ ይጽፍና ስክሪኑን በመዳፉ ሸፍኖ «ምን ብሎ ይጨርሰዋል?» ይላል። ጉግል ሳይጠየቅ የሚደረድራቸው ማሟያዎች በአብዛኛው ሌሎች ሰዎች ደጋግመው ከፈለጉት የሚመጡ ናቸው፤ በ2004 እ.ኤ.አ. በሙከራ የተጀመረ አገልግሎት ነው። ስለዚህ ግምቱ የሰውን ልብ ማወቅ ይጠይቃል። እዚህ የተረታ አገር አይሰጥም፣ ሂሳብ ይከፍላል።

የዚህ ዓይነት ጨዋታ ቁንጮው ግን ጉግልዋክ ነው። ስሙን በ2002 እ.ኤ.አ. ያወጣለት ጋሪ ስቶክ የተባለ አሜሪካዊ ነው። መዝገበ ቃላት ውስጥ ያሉ ሁለት ቃላትን ያለ ትእምርተ ጥቅስ ትጽፋለህ፤ ጉግል በዚያ ጊዜ ከመዘገባቸው ከሁለት ቢሊዮን በላይ ገጾች አንድ፣ አንድ ብቻ ካመጣልህ ረታህ። ባዶ ከመጣ አይቆጠርም፤ የተገኘው ገጽ ዝም ብሎ የቃላት ዝርዝር ከሆነም አይቆጠርም። የፍለጋው ሞተር ለእያንዳንዱ ቃል የሚገኝበትን ገጽ መዝግቦ ይይዛል፤ ሁለት ቃል ሲሰጠው ሁለቱ መዝገቦች የሚገናኙበትን ያወጣል። ተጫዋቹ የሚፈልገው በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ አጋጥሞት አብሮ የጻፋቸውን ሁለት ቃላት ነው። እንግሊዛዊው ኮሜዲያን ዴቭ ጎርማን በዚሁ ልክፍት ተይዞ የገጾቹን ባለቤቶች ፍለጋ ዓለምን ዞሯል።

ጉዱ የሚመጣው ስትፎክር ነው። ያገኘኸውን ጥንድ ኢንተርኔት ላይ ለጥፈህ «ጎንደር ገብቼ» ስትል ሞተሩ የአንተንም ገጽ ይመዘግባል፤ ውጤቱ ሁለት ይሆናል። ስሄድ አገኘኋት፣ ስመለስ አጣኋት።

ሞተሩ ራሱ ደግሞ መረታት አያውቅም። ያልገባውን «እንዲህ ማለትዎ ነው?» ብሎ ወደ አንተ ይመልሰዋል። ይህንኑ ጠባዩን የጉግል ሰዎች ራሳቸው ቀልደውበታል፦ የቃል ፊደላትን አቀያይሮ ሌላ ቃል መሥራትን የሚመለከተውን «አናግራም» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ስትጽፍለት፣ ፊደሎቹን በታትኖ «ናግ ኤ ራም ማለትዎ ነው?» ይልሃል።

ጉግልዋክን በአማርኛ እንጫወት ለምትሉ፣ ሳንስማማ ከጀመርን ጨዋታው ይረክሳል። የቁስቋሟን «ፀሐይ» ብቻ ውሰዱ፦ በጸ ወይም በፀ፣ በሀ ወይም በሐ ወይም በኀ ስትጻፍ ስድስት ትሆናለች፤ ፊደሎቹን አንድ አድርጎ እንዲያይ ያልታዘዘ ኮምፒውተር ስድስት የተለያዩ ቃላት አድርጎ ይቆጥራታል። ግሱ ደግሞ ይብሳል። «ፈለገ»ን «ሳላስፈልጋቸውም» አድርጎ ካስረዘመ በኋላ አንድ ውጤት አገኘሁ የሚል ሰው አልረታም፤ አጭበርብሯል። ስለዚህ ስም ከሆነ ያለ ቅጥያ፣ ግስ ከሆነ መዝገበ ቃላት ላይ በሚገኝበት መልኩ ይሁን፤ የፊደሉም አጻጻፍ ከመዝገበ ቃላቱ ይወሰድ። ሞተሩ «ይህን ያህል ውጤት» ብሎ ከሚጽፈው ቁጥርም አትፍረዱ፣ እሱ ግምት ነው፤ እስከ መጨረሻው ገጽ ወርዳችሁ በዓይናችሁ ቁጠሩ።