ሂትለር ሲኒማ ቤት ውስጥ አልሞተም፦ የጦርነት ፊልሞችና «ቢሆን ኖሮ»

ባለፈው ደሴ ፒያሳ ቡና እየጠጣን፣ አሥረኛ ክፍል የሆነ የጎረቤቴ ልጅ «ሂትለርን እኮ ፓሪስ ሲኒማ ቤት ውስጥ ነው የገደሉት» አለን። ከየት አመጣኸው ስለው ስልኩን አውጥቶ ፊልሙን አሳየኝ። አልፈረድኩበትም። ትልልቅ ሰዎችም እንዲህ ሲሉ ሰምቻለሁ። ስለ ጦርነት ፊልሞች የምሰማቸውን አባባሎች እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ፊልም ላይ ካለ ሆኗል ማለት ነው»

ልጁ ያየው «ኢንግሎሪየስ ባስተርድስ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ። እውነተኛው ሂትለር ግን ሚያዝያ 22 ቀን 1937 ዓ.ም. በርሊን፣ ከመሬት በታች ባለው ምሽጉ ራሱን አጠፋ። ፊልሙ «ታሪኩ እንዲህ ቢሆን ኖሮ» ብሎ የተሠራ ነው እንጂ ሊያታልለን አልሞከረም። የመጀመሪያው ምዕራፍ ርዕስ ራሱ «ከዕለታት አንድ ቀን» ብሎ ነው የሚነሳው፤ አያቶቻችን ተረት እንደሚጀምሩት።

«ታሪክ የቀየረ ፊልም ሁሉ ያው ነው»

ያው አይደለም። እኔን የሚያናድደኝ ሌላው ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው «ዩ-571» ኤኒግማ የተባለውን የጀርመኖች የምስጢር መጻፊያ ማሽን አሜሪካኖች ከሰርጓጅ መርከብ ሲማርኩ ያሳያል። በግንቦት 1933 ዓ.ም. ግን ማሽኑን ከጀርመኖቹ ሰርጓጅ መርከብ ከ«ዩ-110» ላይ የወሰዱት የእንግሊዟ የ«ቡልዶግ» መርከብ ባሕረኞች ናቸው። አሜሪካ ያኔ ጦርነቱ ውስጥ እንኳ አልገባችም! ፊልሙ መጨረሻ ላይ በጽሑፍ እንግሊዞቹን ያነሳል። ጽሑፉ ሲመጣ ግን ሰው ተነስቶ እየወጣ ነው። ይሄ «ቢሆን ኖሮ» አይባልም። የሰውን ውለታ ለሌላ ሰው መስጠት ነው።

«ቢሆን ኖሮ የራስን ወገን ማስደሰቻ ነው»

እንግሊዞቹ ኬቨን ብራውንሎውና አንድሩ ሞሎ ገና በአፍላ ዕድሜያቸው «ናዚ አገራችንን ቢይዝ ኖሮ» ብለው ፊልም ጀመሩ። ስምንት ዓመት ፈጀባቸው። ያሳዩት ደግሞ የራሳቸው ሰዎች ለጠላት ሲያድሩ ነው።

«የኛ ፊልም ማይጨው ላይ አሸንፈን መጀመር አለበት»

ፊልም መሥራት የሚፈልጉ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች ደጋግመው የሚያነሱልኝ ሐሳብ ነው። ቁጭቱ ይገባኛል። ግን አንድ ጀግና መትረየስ ይዞ መጋቢት 22 ቀን 1928ን ቢገለብጠው ማን ያምናል? አውሮፕላኑ አለ፣ የመርዝ ጋዙ አለ። ከጦር ሜዳው ራቅ በሉ። የጣሊያን ወታደርና ትጥቅ ወደ ምጽዋ የሚመጣው በስዊዝ ቦይ በኩል ነበር። እንግሊዝ ቦዩን አልዘጋችም። የመንግሥታቱ ማኅበር ማዕቀብ ሲጥልም ነዳጅን አልነካውም። ከነዚህ አንዱን ብቻ ቀይሩ፣ ሌላውን ሁሉ እንዳለ ተዉት።

እኔ ብሆን ቦዩን እዘጋው ነበር። ከዚያ በቀጥታ ወደ ኅዳር 26 ቀን 1928፣ ወደ ደሴ። በዚያ ጠዋት በእውነት የሆነውን እናውቃለን፤ የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ደበደቡ፣ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። ጃንሆይም እዚሁ ነበሩ። በኔ ፊልም ግን አንዲት እናት ደጃፏ ላይ ቡና ትቆላለች። ቀና ብላ ወደ ጦሳ ተራራ ታያለች። ሰማዩ ባዶ ነው። ምንም አይመጣም። ወደ ምጣዷ ትመለሳለች።

ኅዳር 26ን ለማያውቅ ሰው ይሄ ትዕይንት ቡና መቁላት ብቻ ነው። ለዚህ ነው ያን ቀን ፒያሳ፣ ቡናው እስኪቀዘቅዝ ስለ ኅዳር 26 ለልጁ ያወራሁለት።