ምስጥ ያልደረሰበት እንጨት፦ የሰመጠ ባርጅና ጠላቂዎቹ

ባርጅ ሆዱ ጠፍጣፋ የጭነት ጀልባ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሞተር የለውም፤ ሌላ ጀልባ ይጎትተዋል። ድሮ ከእንጨት ይሠራ ስለነበር፣ ሲያረጅ ሐይቅ ወይም ወንዝ ውስጥ ሰምጦ የቀረው ብዙ ነው። በሰሜን አሜሪካ ሰዎች የአየር ሲሊንደር አዝለው፣ ከዳር በእግራቸው ገብተው እንዲህ ያለውን ስባሪ ይጎበኛሉ።

«እንጨት ውሃ ውስጥ አይበሰብስም እንዴ?» የአራት ኪሎ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይሄን ነው። መልሱ ግቢው ውስጥ አለ። ያረጀ የባህር ዛፍ አጥር ነቅላችሁ ታውቃላችሁ? አናቱ ደህና ነው። እንደ ተቀረጸ እርሳስ የሾለው ከአፈሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው። እርጥበትም አየርም እዚያ አሉ፤ ምስጡም እዚያው ነው። ቀዝቃዛ ሐይቅ ግርጌ ላይ ግን አየር ጥቂት ነው፣ ምስጥም የለም። ባህር የራሱ ምስጥ አለው፤ መርከብ የሚሰረስር ትል። ትል ይባል እንጂ የዛጎል ዘመድ ነው። የሰሜን ሐይቆች ጨው ስለሌላቸው እዚያ አይደርስም።

በ1758 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር ኒውዮርክ ግዛት በሚገኘው ጆርጅ ሐይቅ ላይ መድፍ የሚሸከም ጠፍጣፋ ጀልባ ሠራ። የበረዶው ወቅት ሲመጣ ፈረንሳዮች እንዳይወስዱት ብሎ ራሱ አሰመጠው። እስከ 1990 ድረስ የት እንዳለ የሚያውቅ አልነበረም። ሲገኝ 32 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ቅርጹን እንደያዘ ተቀምጧል። ይሄኛው ግን ከዳር የሚገባበት አይደለም። ለዚያ የሚሻለው በካናዳ ካርዲናል ከተማ አጠገብ፣ ሴንት ሎውረንስ ወንዝ ውስጥ ያለው ኮኔስቶጋ ነው። ባርጅ ሳይሆን የእንጨት የእንፋሎት መርከብ ነው፤ በ1878 ተሠርቶ በ1922 ተቃጥሎ ሰመጠ። ጥልቀቱ ከ10 ሜትር አይበልጥም።

ሐይቅ ውስጥ ትልቁ ጠላት ደለል ነው። አንድ ጊዜ በእግር መቅዘፊያ ከመቱት ይነሳና እጅህን እንኳ አታይም። እንጨቱን መንካት፣ ምስማር ነቅሎ መሄድማ ነውር ነው።

ከፍታም ነገሩን ይለውጣል። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ላይ ስለሆነች አየሯ ከባህር ጠረፉ ሩብ ያህል ይሳሳል። ባህር ላይ ግፊቱ እጥፍ የሚሆነው 10 ሜትር ሲወረድ ነው፤ በእኛ ከፍታ ሐይቅ ቢኖር 8 ሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ጠላቂ በየጥልቀቱ ስንት ደቂቃ መቆየት እንደሚችል የሚያይበት የባህሩ ሰንጠረዥ እንዳለ አይሠራም።

ጅቡቲ ጠልቆ የዋለ ሰው በዚያው ማታ ፒያሳ ማኪያቶ ልጠጣ ቢል አይሆንም፤ ውሃ ውስጥ ሰውነቱ የገባው ናይትሮጅን አየሩ ሲሳሳ አረፋ ሆኖ ሊጎዳው ይችላል። አንድ ጊዜ ብቻ ቢጠልቅ እንኳ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ከጠለቀ 18 ሰዓት ሳይበር መቆየት አለበት። በመኪና እወጣለሁ ቢልም ሽቅቡ ያው ሽቅብ ነው።