«መድኃኒቱን አገኛችሁት?» እና ስለ ባዮኬሚስትሪ ላብ የሰለቹኝ ሌሎች ወሬዎች

በዓል በመጣ ቁጥር ዘመድ ቤት የምትጠብቀኝ ጥያቄ አለች፣ ቡናው ሁለተኛ ሳይደርስ ትመጣለች። «እሺ፣ ዘንድሮስ ምን አገኛችሁ?» ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት አጎቴ ናቸው፣ ክፋት የላቸውም። ግን አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የባዮኬሚስትሪ ምርምር ቡድን ጋር ስሰራ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ስምንቴም መልሻለሁ፣ ዘጠነኛውን እንቁጣጣሽ ከመድረሱ በፊት እዚህ ጽፌ ልገላገል።

መጀመሪያ ቀላል ቀላሎቹን።

«ባዮኬሚስትሪ ካጠናሽ ሐኪም ነሽ ማለት ነው።» አይደለሁም፣ እባካችሁ የጉበትና የኩላሊት ውጤት ፎቶ እያነሳችሁ በቴሌግራም አትላኩልኝ።

«ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ ናችሁ አይደል?» የኛ ማይክሮስኮፕ ሽፋኑን ለብሶ ጥግ ላይ ነው የሚኖረው። እኛ ፒፔት (ፈሳሽ በጠብታ መለኪያ መምጠጫ) ስንጫን ነው የምንውለው፣ የቀኝ አውራ ጣቴን ጠይቁት።

«እዛ ያለው ሁሉ መርዝ ነው፣ ሳትወልጂ ውጪ።» ይሄ ትንሽ እውነት አለው። አክሪላማይድ ለምሳሌ፣ ፕሮቲን የምንለይበት ጄል የሚሰራበት ኬሚካል፣ በዱቄትነቱ ነርቭ ይጎዳል፣ ያለ ጓንትና ጭምብል አይነካም፣ ረግቶ ጄል ሲሆን ግን አደጋው በጣም ይቀንሳል። እስከዛሬ እኔን ያቃጠለኝ ማይክሮዌቭ ውስጥ የገነፈለ አጋሮዝ (የሌላ ጄል መስሪያ) ብቻ ነው፣ እሱ ደሞ ከሽሮ አይለይም።

«ኤአይ መጣ፣ አበቃላችሁ።» አልፋፎልድ የሚባለው ኤአይ እ.ኤ.አ. በ2020 የፕሮቲን ቅርጽ ተንብዮ ሁላችንንም አስደንግጧል፣ የሰሩትም በ2024 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል፣ እኛም እንጠቀምበታለን። ቅርጹን ይሰጥሃል። ፕሮቲኑን አውጥቶ፣ አጥርቶ፣ የፍየል ቆዳ ላይ ቀብቶ ፀጉሩን ይነቅል አይነቅል አያይልህም (የኛ ሥራ እሱ ነው፣ ወደ ታች እመጣበታለሁ)።

«ሥራውን የሚሰራው ፕሮፌሰሩ ነው።» የኛ ፕሮፌሰር ፒፔት ከያዙ ስንት ዓመታቸው፣ የሳቸው ሥራ ፕሮፖዛል መጻፍ፣ ቲሲስ ማረም፣ ግዢ ክፍል ደጃፍ ላይ መቆም ነው። ላቡን የያዙት ጋሼ የምንላቸው ቴክኒሻን ናቸው፣ የሴንትሪፊውጁ (ናሙና በፍጥነት እያሽከረከረ የሚለየው ማሽን) ክዳን የቱ ጋ ሲመታ እንደሚዘጋ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው፣ እረፍት ሲወጡ ላቡ ግማሹ ይቆማል።

«ክረምት ዝግ ናችሁ።» ኧረ! በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ያልተጠቀምንበት ብር ይመለሳል፣ ስለዚህ ሰኔን ሙሉ ፕሮፎርማ ይዘን ስንሮጥ ነው የምንከርመው፣ በዛው ወር ማስተርስ ተማሪዎች ዲፌንስ አለባቸው፣ እሱ ሲያልቅ ደሞ የክረምት ተማሪዎች ይገባሉ። እኔ ክረምት ያረፍኩበትን ዓመት አላስታውስም።

አሁን ወደ ዋናዋ። «ዓመት ሙሉ ሰርታችሁ ምንም አላገኛችሁም?»

ሰው ምርምር ሲባል የሚታየው አንድ ቀን ጠዋት አንዱ ብልቃጥ አንስቶ «አገኘሁት!» ሲል ነው። ስለዚህ ካላገኘህ ተኝተሃል፣ ወይም የመንግሥት ብር በልተሃል። እስቲ ያለፈውን ዓመት ልንገራችሁና ራሳችሁ ፍረዱ።

የምንሰራው ሻላና አቢያታ ሐይቅ ውስጥ ካሉ ባክቴሪያዎች ጋር ነው። የሐይቆቹ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፣ 7 መሀል ነው፣ ከዛ በላይ እንደ ሶዳ ነው) ወደ 10 የሚጠጋ ስለሆነ ውሃው እጅ ላይ እንደ ሳሙና ያሟልጫል፣ እዛ የሚኖር ባክቴሪያ የሚያወጣው ኢንዛይምም (ኬሚካዊ ሥራ የሚያፋጥን ፕሮቲን) ሶዳ አይበግረውም። እኛ የምንፈልገው ፕሮቲኤዝ የሚባለውን ነው፣ ፕሮቲን የሚቆራርጠውን። የልብስ ሳሙና ዱቄት ውስጥ የዚህ ዘመዶች አሉ። የቆዳ ፋብሪካ ደሞ ፀጉር ለማንሳት ኖራና ሰልፋይድ ነው የሚጠቀመው፣ በአጠገቡ ያለፈ ሰው የበሰበሰ እንቁላል ሽታውን ያውቀዋል፣ ኢንዛይም ከዛ ኬሚካል የተወሰነውን ሊያስቀር ይችላል የሚል ነው ሐሳባችን።

ጥቅምት ላይ ሄደን ውሃና ጭቃ ቀዳን። ኅዳርን በወተት ሳህን ጨረስነው፣ ማለትም አጋር (ባክቴሪያ የሚያድግበት ጄል) ላይ የወተት ዱቄት ትጨምርበታለህ፣ ሳህኑ ነጭ ይሆናል፣ ባክቴሪያው ፕሮቲኤዝ ካለው ወተቱን ይበላና ዙሪያውን ጥርት ያለ ክብ ይሰራል። ከመቶ በላይ ነጥብ ዘርተን ደህና ክብ የሰሩት አራት ናቸው። ታኅሣሥና ጥር ማጥሪያው ኮለም (ፕሮቲኖችን የምንለይበት ረጅም ቱቦ) ውስጥ የሚገባውን ሬዚን የሚባል ጥቃቅን ፍሬ ስንጠብቅ አለፈ፣ ዶላር ተፈቀደ አልተፈቀደ፣ ጉምሩክ ደረሰ አልደረሰ። በመሀል እጃችንን አጣጥፈን አልተቀመጥንም፣ በየትኛው ፒኤች፣ በየትኛው ሙቀት እንደሚሰራ ስንለካ ነበር።

ከዛ የካቲት ላይ ማጥራት ተጀመረ። ሁለት ሊትር መረቅ የመሰለ ፈሳሽ ይዘህ ትጀምራለህ፣ በረዶ ላይ አድርገህ አሞኒየም ሰልፌት የሚባለውን ፕሮቲን የሚያወርድ ጨው በቁንጥር እየጨመርክ ታማስላለህ (ከቸኮልክ አረፋ ይሆናል፣ አረፋ የፕሮቲን ጠላት ነው)፣ የወረደውን አተላ ሰብስበህ የዳያሊሲስ ከረጢት ውስጥ ትከትና ሁለቱን ጫፍ እንደ ቋሊማ ቋጥረህ ባፈር (ፒኤቹ ቶሎ የማይለዋወጥ ፈሳሽ) ውስጥ ታሳድረዋለህ፣ ጨው ይወጣል፣ ከዛ ኮለም። በየደረጃው ትንሽ ትንሽ ይጠፋል፣ መጨረሻ ላይ የሚቀርህ ውሃ የመሰለ ጥቂት ሚሊ ሊትር ነው።

መጋቢት ውስጥ አንድ ሐሙስ ማታ ያቺን ጥቂት ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛው ካቢኔት ውስጥ አስቀምጠን ወጣን። ሌሊት መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ የኛን ሕንፃ አይጨምርም፣ ይሄንን በደብዳቤ ስንጠይቅ ሁለት ዓመት ሆኖናል። አርብ ጠዋት ተማሪዬ ስትለካው ሩቡ እንኳን አልቀረም። ፕሮቲኤዝ ፕሮቲን ይበላል፣ ራሱም ፕሮቲን ነው፣ ቅዝቃዜው ሲለቀው እርስ በርሱ ሲበላላ አደረ። ልጅቷ አላለቀሰችም፣ ቁጭ ብላ ቱቦውን ስታየው ነበር፣ ከዛ «ከሁለት ሊትሩ ልጀምር?» አለችኝ።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ጄሉን ከማቅለሚያው አውጥተን ስናጥበው ትክክለኛው ቦታ ላይ አንዲት ሰማያዊ መስመር ብቻ ታየች። አንድ ዓይነት ፕሮቲን ብቻ፣ ንጹሕ። ስድስታችንም ተሰብስበን በስልካችን ፎቶ አነሳናት፣ ጋሼም ጭምር። አጎቴ ዘንድሮ ሲጠይቁኝ የምላቸው ይሄንን ነው፣ አንዲት ሰማያዊ መስመር አገኘን።

እሳቸው እዚህ ጋ ሁሌ የሚያመጡብኝ የእንዶዱን ተመራማሪ፣ ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማን ነው። «እሱ አድዋ ወንዝ ዳር ቆሞ ባንድ ቀን አገኘው እኮ!» አዎ፣ በ1964 እ.ኤ.አ. ሰው በእንዶድ ልብስ ከሚያጥብበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ፣ ማየቱ የአንድ ቀን ነው። ከዛ በኋላ ያለውን ግን ማንም አያወራም፣ የሚገድለው ንጥረ ነገር ምንድነው፣ እንዴት ይወጣል፣ ሰውና ከብት ይጎዳል ወይ፣ አድዋ ላይ ዓመታት የፈጀው የመስክ ሙከራስ። ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር ሲያገኝ 1989 ነበር። ሃያ አምስት ዓመት!

«ፈረንጅ ቢሆን በሳምንት ይጨርሰው ነበር» የሚሉም አሉ። የሪኤጀንቱን ነገር አልክድም፣ እነሱ ዛሬ አዘው ነገ የሚደርሳቸውን እኛ ወራት እንጠብቃለን፣ ያናድዳል። ሥራው ራሱ ግን ለነሱም አይቸኩልም። እንግሊዛዊቷ ኬሚስት ዶሮቲ ሆጅኪን የኢንሱሊን ክሪስታልን በኤክስሬይ ፎቶ ያነሳችው በ1934 ነው፣ ሙሉ ቅርጹን የፈታችው በ1969፣ በመሀል በሌላ ሥራ ኖቤል ወስዳለች። አሜሪካዊው ኬሚስት ጄምስ ሰምነር ደሞ አንድ ኢንዛይም ክሪስታል ለማድረግ ዘጠኝ ዓመት ታግሎ በ1926 ነው የተሳካለት፣ ያኔም ብዙ ሰው አላመነውም። በኮቪድ ምርመራ የለመድነው ፒሲአር (ዲኤንኤ የሚያባዛው ዘዴ) የሚሰራበት ኢንዛይም መነሻው የአሜሪካ ፍል ውሃ ውስጥ የተገኘ ባክቴሪያ ነው፣ ባክቴሪያው በ1969 በጽሑፍ ሲወጣ ፒሲአር የሚባል ነገር ገና አልታሰበም።

ቲሲስ ልትጀምሩ ያላችሁ ልጆች ካላችሁ ደሞ ሌላውን ሁሉ እርሱት፣ ይሄን ያዙ። ሬዚንና ኪት ፕሮፖዛሉ በጸደቀ ቀን እዘዙ። ንጹሕ ፕሮቲን ስታገኙ በትንንሽ ቱቦ ከፋፍላችሁ ግሊሰሮል ጨምራችሁ ዲፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ፣ ሁሉንም አንድ ቱቦ ውስጥ አታሳድሩ፣ እኛ አሳድረን አይተነዋል። ትሪስ የሚባለውን ባፈር ፒኤች የምታስተካክሉት ሥራው በሚሰራበት ሙቀት ይሁን፣ ሲቀዘቅዝ ፒኤቹ ከፍ ይላል፣ 25 ዲግሪ ላይ 8 ያላችሁት 4 ዲግሪ ላይ 8.6 አካባቢ ነው፣ አምና አንዱ ተማሪያችን በዚህ ሦስት ሳምንት ፕሮቲኑ ከኮለሙ የት እንደሚወጣ ጠፍቶበት ነበር። ያልሰራውንም ሙከራ ከነቀኑ ደብተር ላይ ጻፉ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ልጅ እሱኑ እንዳይደግመው።

ቱቦ ላይ ደሞ ስምና ቀን ጻፉ። ይሄን ስጽፍ ጋሼ ዲፍሪዘሩን እያጸዱ ነው፣ በረዶው ውስጥ «ናሙና 3» ብቻ የሚል አሥራ አንድ ቱቦ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ደርድረውልኛል። የማን እንደሆነ የምታውቁ ካላችሁ እስከ ጳጉሜን 3 ንገሩን፣ ከዛ በኋላ አውቶክሌቭ (በትኩስ እንፋሎት ጀርም መግደያ) ገብቶ ይጣላል።